የጆንያው ዓይን

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እኔ አወራለሁ፣ ልጄ ትጽፋለች። ካሳመርሽው እቀደዋለሁ ብያታለሁ። የማወራው ስለ አንድ ካቦ ነው። ሰውዬው ከሞተ ቆየ። ሰዎች ስሙን ሲያነሱ አላህ ይማረው ይላሉ። እኔም ልል እልና ያን ቀን ሌላ ሥራ ይበዛብኛል፤ እስከ ዛሬ አልተመቸኝም።

ጊዜው ጣልያን ከወጣ በኋላ ነው፣ በጃንሆይ ዘመን፣ እኔ ጡቴ ገና የቆመበት ጊዜ። ምን ትስቂያለሽ፣ ጻፊው! ድሬ ዳዋ የቡና መጋዘን ለቃሚ ነበርኩ። ቡናው ከገጠር በግመልና በጭነት መኪና ይመጣል፤ እኛ ሴቶች መሬት ላይ በረድፍ ቁጭ ብለን፣ እያንዳንዳችን ሰፌዳችንን ጭናችን ላይ አድርገን፣ ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ድንጋዩን እየለቀምን እናወጣለን። ንጹሑ በጆንያ ተሰፍቶ በባቡር ወደ ጅቡቲ ይወርዳል። ሐረሪዋ፣ ሶማሌዋ፣ ኦሮሞዋ፣ አማራዋ አንድ ረድፍ ላይ ናት። አንዷ በኦሮምኛ የጀመረችውን ሐሜት ሌላዋ በሶማልኛ ትቀበላታለች፣ ሦስተኛዋ በአማርኛ ትጨርሰዋለች። አፋችን ነበር የሚዞረው እንጂ ዓይናችን ከሰፌዱ አይነሳም።

በላያችን ላይ የሚንጎራደደው ካቦው ነው። ካቦ ማለት የሠራተኛ አለቃ ነው፤ ቃሉን ጣልያን ጥሎልን ሄደ፣ ጠባዩንም አብሮ ጥሎታል። ካቦው ወፍራም ነው፤ ሆዱ እሱ ከመድረሱ በፊት ይደርሳል። ሽርጡን ከሆዱ በታች ያስራል፣ ቀይ ቆብ ያደርጋል፣ በእጁ ቀጭን ዱላ ይይዛል። ሁለት ሚስቶች ነበሩት። ሁለቱንም እዚያው ረድፉ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው ይለቅማሉ። ጣውንትና ጣውንት ጎን ለጎን! ሰፌዳቸው ሲነካካ እንኳን ይገላመጣሉ። በአንድ ቤት ሁለት በር ተከፍቶላቸው ነበር የሚኖሩት፤ አንዷ ሰላም ያለችውን ሰው ሌላዋ ታልፈዋለች።

ይሄ ሰውዬ ሦስተኛ ላድርግሽ አለኝ። በሽማግሌ ቢልክ ደግ ነበር፤ ዱላውን ሰፌዴ ውስጥ ሰክቶ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው ያለኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ሦስተኛ ክፍል ልሠራ ነው። ግቢ» አለ።

«አያ ካቦ» አልኩት፣ «ለሁለቱ ያልበቃ ሰው ለእኔ ምኑ ይተርፈኛል?»

ድሬ ላይ አንቱ የሚባል ነገር የለም፤ ለካቦም፣ ለቃዲም አንተ ነው። ረድፉ በሙሉ ሳቀ። ከሁሉም አብልጠው የሳቁት ሁለቱ ሚስቶቹ ናቸው። በዚያ ቀን እንኳን አብረው አልሳቁም፤ አንዷ ጨርሳ ሌላዋ ጀመረች።

እኔ ደግሞ ታጭቼ ነበር። ልጁ ባቡር ጣቢያ ፉርጎ ላይ ጭነት የሚጭን፣ ክንዱ የግመል አንገት የሚያህል፣ አፉ ግን ዝም ያለ ልጅ ነው። እናቱም ከእኛው ጋር ለቃሚ ናት፤ ከፊቴ ነበር የምትቀመጠው። ሰርጉ ከረመዳን በኋላ ይሁን ተብሎ አልቋል። ዓይኔን ከሰፌዱ ባነሳሁ ቁጥር የወደፊት አማቴን ጀርባ ነው የማየው። ጀርባዋም ያኔ ፈገግ የሚል ይመስለኝ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ጀምበር ሳትጠልቅ ካቦው መጣና የጨረስኩትን ጆንያ ብድግ አድርጎ መሬት ላይ ደፋው። ጥቁር ቡና ተንኮለኮለ። የእኔ አይደለም! የማን ጥቁር እንደሆነ አላውቅም፣ ማን እንደጨመረው ግን አውቃለሁ። እኔ ሰላት ልሰግድ ወጥቼ ነበር፤ ጆንያዬ አጠገብ የቀረው እሱ ብቻ ነው።

«እዩልኝ» አለ። «ይቺ ልጅ ፀሐይ ስትዘቀዝቅ አታይም። ዳፍንት ይዟታል።»

ዳፍንት የያዘው ሰው ቀን እንደ ማንም ያያል። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ግን ዶሮ ይሆናል። ግድግዳ ይመታል፣ ውሻ ይረግጣል፣ በሩን ያጣዋል። ክፉ ስም ነው፣ በተለይ ለልጃገረድ። አማቴ ዞራ አየችኝ። በሳምንቱ ሽማግሌ ልካ ነገሩን አፈረሰችው።

«ሌሊት የሚያለቅስ ሕፃን በጨለማ ማን ፈልጎ ያነሳዋል?» ብላለች አሉ። «እያየሁ ልጄን ለዳፍንታም አልሰጥም።»

ልጁም ዝም። ክንዱ ያን ያህል፣ ምላሱ ይህቺን ታህል።

ከዚያ በኋላ መከራዬን አየሁ። ሰፈር ውስጥ አመሻሽ ላይ ስወጣ ሰው ሁሉ ጣቱን ፊቴ ላይ እያወዛወዘ «ይሄ ስንት ነው?» ይለኛል። በትክክል ስነግራቸው «ገመተችው» ይላሉ። የሆነች ባልቴት እጄን ይዛ የማልሄድበት ቦታ አድርሳኝ «አይዞሽ ልጄ» ብላ መረቀችኝ። ካቦው ደግሞ ከረድፉ አንስቶ ጠራጊ አደረገኝ። መጥረጊያውን ሲሰጠኝ፣ ልክ ዕውር እንደሚያስይዙት፣ እጄን ዘርግቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ያኔ ነው በሆዴ የማልኩት። አዋርደዋለሁ አልኩ። እንዴት እንደሆነ አላወቅኩም፤ ግን ወላሂ፣ ሳላዋርደው አላገባም፣ ሳላዋርደው አልሞትም።

ከዚራ፣ ፈረንጆቹ ሰፈር፣ አንድ ፈረንሳዊ የዓይን ሐኪም ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፀሐይ አፍንጫውን የላጠችው ሰው። አማርኛ ያውቃል፣ ግን ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የሚለው። ሄድኩና ዓይኔን እየው አልኩት። ጨለማ ክፍል አስገባኝ፣ ሻማ አበራ፣ አጠፋ፣ በመስታወት አየኝ።

«አንተ ዓይን ጥሩ» አለ። «በጣም ጥሩ። የድመት ዓይን።»

«እሱን ቀፊራ ገበያ መሃል ቆመህ ተናገርልኝ።»

«ለምን?»

«አማቴ እንድትሰማ።»

አማት ምን እንደሆነች አያውቅም፤ አማት የሌለው ሰው ነው። ብነግረውም አልገባውም። ግን ጠርሙስ የምታጥብ ሰው ይፈልግ ነበርና በዚያው እሱ ዘንድ ሥራ ያዝኩ፤ ጠዋት መጋዘን እጠርጋለሁ፣ ከሰዓት ጠርሙስ አጥባለሁ። ጠርሙስ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ እንቁራሪትም ነበረበት። ደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ሲወርድ በየጉድጓዱ የቀረውን እንቁራሪት ሰው ይለቅምለታል፤ እኔ በባልዲ ውኃ እቀይርላቸዋለሁ። እናቴ ሰምታ ልብሴን ለብቻ ታጥብ ጀመር።

ለምን ይሆን ብዬ አንድ ቀን ከኋላው ቆሜ አየሁት። የእንቁራሪቷን ዓይን አውጥቶ፣ ከዓይኑ ጀርባ ካለው ክር ላይ ከፀጉር የቀጠነች ሽቦ አስጠጋ። ሽቦዋ አንድ ሣጥን ውስጥ ትገባለች። እጁን በዓይኑ ፊት ሲያሳልፍ ሣጥኑ «ጠሽ... ጠሽ ጠሽ ጠሽ» አለ፣ ዘይት ላይ ውኃ እንደተንጠባጠበ። እጁን ሲያቆም ዝም።

«ምን እያለ ነው?» አልኩት።

«መጣ እያለ ነው። ሄደ እያለ ነው። ሌላ ነገር አያውቅም።»

ከዚያ ቁጭ ብሎ ነገረኝ። ሲናገር እጁ ነው ይበልጥ የሚናገረው። ዓይናችን ጀርባ ላይ፣ አለ፣ ብዙ ትንንሽ ሠራተኞች አሉ፣ እንደ ቡና ለቃሚ በረድፍ የተቀመጡ። እያንዳንዱ የሚያየው የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ቦታ ነው። ግመል ይለፍ፣ ሙሽራ ትለፍ አያውቅም። በሱ ሰሊጥ ላይ ብርሃን ሲመጣ አንዱ ይጮኻል፤ ብርሃን ሲሄድ ሌላው ይጮኻል። ምንም ካልተለወጠ ዝም ይላሉ። ጭንቅላት ደግሞ ውስጥ፣ አጥንት ቤት ውስጥ ተዘግቶበት ተቀምጧል። ጨለማ ነው። ብርሃን ገብቶለት አያውቅም። ጩኸታቸውን እየሰማ ግመል ነው፣ ሙሽራ ናት የሚለው እሱ ነው።

«እና የሁላችንም ጭንቅላት ዕውር ነው?» አልኩ።

«የሁሉም።»

«የካቦም?»

«ካቦ ማነው?»

ያን ቀን ጠርሙሱን እየዘፈንኩ አጠብኩት።

የሐኪሙ ጭንቀት ግን ሌላ ነበር። ሽቦዋ አንድ ናት፤ የአንዱን ሠራተኛ ወሬ ብቻ ነው የምትሰማው። አንዱን ሰምቶ ምን ይታወቃል? ያ አንዱ ጥላ ይሁን ዝንብ ይሁን የጮኸው ለምን እንደሆነ ራሱም አያውቅም። ሁሉም ባንድ ላይ የሚሉትን የሚሰማ ሣጥን በዓለም ላይ የለም አለኝ። ስለዚህ በሰው ልሥራው አለ። ብዙ ሴት አምጣልኝ አለ። አንተ ሴት አምጣልኝ ሲለኝ ሌላ ሰው ቢሰማ ኖሮ ሁለታችንንም ከከተማ ያስወጡን ነበር።

የመጋዘኑ ባለቤት ሐኪሙ ዓይኑን ያዳነለት ሰው ነበርና መጋዘኑን በእሑድ ፈቀደለት። ለቃሚዎቹን እኔ ጠራኋቸው። ለየአንዳንዷ ሳሙና ይሰጣል ስላልኩ የማትመጣ አልነበረችም፤ አማቴም መጣች፣ ሁለቱ ጣውንቶችም መጡ።

ሐኪሙ ጆንያ በጆንያ አሰፍቶ የግድግዳ ያህል መጋረጃ ሠራ። መጋዘኑን ለሁለት ከፈለው። ጆንያውን በረድፍ በረድፍ በሳው፤ በየቀዳዳው የሸንበቆ ቁራጭ ሰካ። ከጆንያው በዚህኛው ወገን ሴቶቹ ተቀመጡ፤ የታችኞቹ መሬት ላይ፣ መካከለኞቹ ሣጥን ላይ፣ የላይኞቹ በቆመ ጆንያ ላይ። እያንዳንዷ አንድ ዓይኗን ሸንበቆዋ ላይ ታደርጋለች፤ የምታየው ያቺኑ የፍሬ ያህል ብርሃን ብቻ ነው። በዚያኛው ወገን በሩ ይዘጋና አንዲት ፋኖስ ከግድግዳው ጋር ትበራለች። በፋኖሷና በጆንያው መካከል ነገር ሲያልፍ ብርሃኑ የጠፋባት «ሄደ!» ትላለች። ሲመለስላት «መጣ!» ትላለች። ሌላ ወሬ የለም። እና ከሁሉም ኋላ፣ ዓይኗ በነጠላ የታሰረ አንዲት ሴት ትቀመጣለች። እሷ ጭንቅላት ናት። ሰምታ፣ ምን እንዳለፈ ትናገራለች።

«ማነው ጭንቅላት?» አለ ሐኪሙ።

ማንም ዓይኗን መታሰር አልፈለገችም። ያኔ አማቴ፣ ሸንበቆዋ ላይ እንደተደፋች፣ ዞር እንኳን ሳትል፣

«እሷ ትሁናላ። ታሰረች አልታሰረች ምን ለውጥ አለው?» አለች።

ሳቁብኝ። ሳሙናቸውን ይዘው ሳቁብኝ። ነጠላዬን ራሴ አሰርኩት።

የመጀመሪያው እሑድ ጉድ ሆነ። ሐኪሙ ያለን «ሌላው ሲናገር አትናገር፤ አንተ የራስህን ብቻ» ነው። ይሄ ፈረንሳይ አገር ይሠራ ይሆናል። ድሬ ላይ አንዲት ሴት እልል ብላ ብቻዋን ስትቀር ነውር ነው፤ ያላየችውም፣ ያልሰማችውም ትቀበላታለች። አንድ ማሰሮ በገመድ ተንጠልጥሎ ገና ብቅ ሲል ከዳር ያለችው «ሄደ!» አለች። ጎረቤቷ «ሄደ!» አለች እንዳታሳፍራት። ከዚያ መጋዘኑ በሙሉ «ሄደ! ሄደ! ሄደ!» እስከ ጣሪያው። አንዷማ እልልታ ጨመረችበት።

«ምን አለፈ?» አለኝ ሐኪሙ።

«ሰርግ» አልኩት።

ፀጉሩን ያዘ። ከፈረንሳይ አፍ የማይወጣ ነገር ወጣው መሰለኝ። ግን ደግመው ደጋግመው ሲያደርጉት አንድ ነገር ጆሮው ገባ። ከግራ በኩል፣ መሃል ረድፍ ላይ፣ ሁለት ድምጾች አሉ፣ በፍጹም የማይቀባበሉ። አንዷ «ሄደ» ካለች ሌላዋ ብርሃኗ በትክክል ካልጠፋ አፏን አትከፍትም።

«እነዚህ ሁለት! በጣም ጥሩ! ለምን ጥሩ ናቸው?» አለ።

ሴቶቹ ሸንበቆውን ጥለው ሳቁ። የሚነግረው ጠፋ። እኔ ነገርኩት፤ «ያንድ ሰው ሚስቶች ናቸው፤ አንዷ ያለችውን ሌላዋ ከምትል ምላሷን ትውጣለች።»

ሰውዬው ብድግ ብሎ አጨበጨበ። እውነተኛው ዓይንም እንዲሁ ነው አለ፤ አንዱ ሠራተኛ ሲጮህ ጎረቤቱን አፉን ያስይዘዋል፣ ለዚህ ነው የነገር ጠርዝ ጥርት ብሎ የሚታየን። እኔ ስፈልገው የነበረው ጣውንት ነው አለ! ወዲያው ሁሉንም አስነስቶ፣ «ሁሉም ከማይወደው ሰው ጎን ይቀመጥ» አለ። በዚያች ቀን የድሬ ዳዋ ጠብ ሁሉ ተገለጠ። ማን ከማን ጎን ልትቀመጥ እንደተነሳች እያየን ጉድ አልን። እስከዚያች ቀን ወዳጆች ናቸው ያልናቸው ሁለት ሴቶች ምንም ሳይነጋገሩ ሄደው ጎን ለጎን ቁጭ አሉ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ጠራ። እኔ ደግሞ የእያንዳንዷን ድምፅ አውቃለሁ፤ ማን የት እንደተቀመጠች አውቃለሁ። ማሰሮ ሲያልፍ መሃል ረድፍ ብቻ በየተራ ይላል። ፍየል ሲያልፍ የላይኞቹ ዝም ይላሉ፣ የታችኞቹ ይንጫጫሉ። ሰው ሲራመድ ደስ የሚለው ታች ነው፤ እግሩ ሲከፈትና ሲገጥም «ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ፣ መጣ» ይሉልኛል፣ እንደ ከበሮ። አንዷ ብቻዋን የምትለው ምንም አይደለም። አንዷማ ዝም ማለት የማትችል ነበረች፤ ብርሃኑ ኖረም አልኖረ በየመሃሉ «መጣ» ትላለች። እሷን መተው ለመድኩ። ሁሉም ሲሰበሰብ ግን በተሸፈነው ዓይኔ ፊት ሥዕል ይቆማል። እያንዳንዱን ነገርኳቸው። ሴቶቹም ሳቃቸውን ተዉ። አማቴ ግን «ድምፅ መስማትማ ዕውርም ይሰማል» አለች።

እውነቷን ነው። በዚህ ነገር ዓይኔ ጤነኛ ነው ብዬ ማስመስከር አልችልም ነበር። ይሄ አንገበገበኝ።

በሌላው እሑድ ካቦው ራሱ መጣ። የመጋዘኑ ቁልፍ እሱ ዘንድ ነው፤ ሁልጊዜ ከፍቶልን ይሄድ ነበር። ያን ቀን ግን የእኔ ወሬ ከተማውን ሞልቶ ስለነበር አንገበገበው። ባለቤቱና ሌሎች ነጋዴዎች ሊያዩ መጥተው ከሴቶቹ ኋላ ቆመዋል። ካቦው በቀትር ፀሐይ በሩ ላይ ቆሞ ይጮኻል።

«እኔ ላልፍ ነው! ዳፍንታሟ ምን እንዳለፈ ትንገረን! ግመል አለፈ ስትል እንስማ!»

«እለፍ አያ ካቦ» አልኩ ከነጠላዬ ሥር። «ግመል እንኳን አንገት አለው።»

ነጋዴዎቹ ሳቁ። እሱም እየሳቀ ገባ። ሐኪሙ በሩን ዘጋ፤ ብርሃን ሲያንስ ጭንቅላት ምን ያህል እንደሚያውቅ ልይ ብሎ የፋኖሷን ክር ዝቅ አደረገ። በሩ ሲገጥም የካቦው ሳቅ ቆመ። እኔ ያንን ነው መጀመሪያ የሰማሁት፤ ሳቁ መሃል ላይ መቋረጡን።

ጠበቅኩ። ድምፅ የለም። ከዚያ ከቀኝ ዳር፣ ደረት ከፍታ ላይ፣ አንዷ «ሄደ» አለች። ሆዱን ጠበቅኩ፣ ሆዱ ነው ሁልጊዜ ቀዳሚው። ሆዱ አልመጣም። የመጀመሪያዋ «መጣ» አለች፣ ከሷ በላይ ያለችው «ሄደ» አለች፣ ከዚያ ከታቿ ያለችው፣ ከዚያ እንደገና የላይኛዋ። ቀጭን ነገር ነው፣ ወደ ላይ ወደ ታች ይላል። ምንድነው ይሄ? ዱላው? ዱላ አይደለም፣ ሁለት ነው። ከዚያ ሆዱ መጣ፣ መሃል ረድፉ ተጠራርጎ «ሄደ!» አለ። ከበሮዬን ጠበቅኩ፣ የታችኞቹን። የታችኞቹ «ሄደ» አሉ፤ አንዷ፣ ከዚያ አጠገቧ ያለችው፣ ከዚያ ቀጣይዋ። «መጣ» የሚል የለም። እግር አይከፈትም። ከመሬት አይነሳም።

ወላሂ፣ ያኔ ጀርባዬ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ፈሰሰ፤ ደስታ ነው።

«ምን አለፈ?» አለ ሐኪሙ።

«ሰው ነው» አልኩ ጮክ ብዬ። «ወፍራም ሰው። እጆቹን ፊቱ ዘርግቷል። አየሩን እየዳበሰ ነው። እግሩን አያነሳም፤ መሬቱን በጫማው እየፈለገ ይጎተታል። ሐኪም፣ ዓይን ያለው ሰው እንደዚህ ይሄዳል?»

«አይሄድም» አለ ሐኪሙ።

«እንዴት ያለ ሰው ነው እንደዚህ የሚሄድ?»

ሐኪሙ መልስ ሳይሰጥ አንድ ነገር ኳ! አለና ፋኖሷ ወደቀች። ግድግዳውን ነው የመታው። ረድፉ ሁሉ ባንድ አፍ «ሄደ!» አለ። ሴቶቹ እያንዳንዳቸው ያዩት የፍሬ ያህል ጨለማ ነው፤ ምን እንደሆነ ያወቅኩት እኔ ብቻ ነኝ። እና ሁለት ሌሎች ሴቶች።

«አዴ» አልኩ ለትልቋ ሚስቱ፣ «በአንቺ በኩል ምን አለ?»

የተቀመጠችበት ሣጥን ሲንቋቋ ሰማሁ። የምትክደኝ ከሆነ አበቃሁ፤ ቀናተኛ ዳፍንታም የሰው ስም አጠፋች ተብዬ እቀራለሁ፣ ልጁም ለዘላለሙ ሄደ።

«ከመግሪብ ሰላት በኋላ፣ ሲጨልም» አለች ትልቋ ቀስ ብላ፣ «ሽንት ቤት እጁን ይዤ የማደርሰው እኔ ነኝ።»

«በእኔ ተራ ደግሞ» አለች ትንሿ ከጎኗ፣ «እኔ ነኝ።»

በሕይወታቸው አንዷ ያለችውን ሌላዋ ስታጸና ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነው። ከዚያ ሳቁ ተነሳ። በሳቁ ውስጥ ካቦው በሩን ያንኳኳል፣ በር ያልሆነውን ግድግዳ ማለቴ ነው፣ «ክፈቱ! ክፈቱ!» እያለ። ሐኪሙ ሮጦ ከፈተለት። ነጠላዬን ፈትቼ ወጣሁ። ፀሐዩ ላይ ቆሞ ዓይኑን ያርገበግባል፤ ቀይ ቆቡ ላይ የግድግዳ ኖራ አለ።

«በሌላ ሰው ላይ የለጠፍከው የራስህን ነው ለካ» አልኩት። «ሌላ በሽታ አጥተህ ነው?»

ሐኪሙ ደግ ሰው ነውና ትከሻውን ይዞ፣ ጉበት ብላ፣ ይሄ በጉበት ይድናል አለው፣ ሁሉ እየሰማ። ከዚያ ጀምሮ ቀፊራ ሥጋ ቤት ደጅ ሲያልፍ ሥጋ ሻጩ «የካቦ ጉበት ደርሷል!» ብሎ ይጣራ ነበር። እኔ አስተምሬው አይደለም። ማለት፣ አንዴ ብቻ ነው የነገርኩት።

አማቴ በዚያው ሳምንት መጣች። በር ላይ ቆማ ጣቷን ታፍተለትላለች።

«ልጄ፣ ሰው ነገረኝ፣ አመንኩ» አለች።

«አንድ ሰው ነገረሽ» አልኳት።

«አንድ ሰው» አለች።

«እሺ። ልጅሽን አገባለሁ። ሽማግሌ ላኪ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ግን ካቦው ይሁን፤ ያፈረሰውን ራሱ ተሸክሞ ያምጣ። ሰዓቱም ከመግሪብ በኋላ ይሁን።»

አየችኝ። ያኔ መሰለኝ የፈራችኝ፤ እስክትሞት ድረስም ትንሽ እንደፈራችኝ ነው የኖረችው። ልጇን ማግባቴ ቅጣቷ ነበር። ለልጁም ቅጣት ይሆን ብዬ ነበር፣ እሱ ግን ወደደው፤ ምን ይደረጋል።

ሽማግሌዎቹ መጡ። ሙሽራ ልጅ በዚያ ሰዓት ጓዳ ነው የምትደበቀው፣ ድምጿም አይሰማም። እኔ የአክስቴን ትልቅ ሻሽ ተከናንቤ በጓሮ ወጥቼ መንገዱ አፍ ላይ ጠበቅኳቸው። ሌሎቹ ባትሪያቸውን እያበሩ ወሬያቸውን ይዘው ቀደሙ። ካቦው ወደ ኋላ ቀርቶ ግንብ እየዳበሰ ነው። እጁን ያዝኩት። ሚስቱ መሰልኩት።

«የት ነበርሽ አንቺ እርጉም» አለኝ በሹክሹክታ። «ቀስ አድርገሽ ምሪኝ፣ ሰው እንዳያይ።»

በቀጥታ ቢሆን ቤታችን እዚያው ነው። እኔ ግን በየደጁ አዞርኩት። ሰው ሁሉ ለማምሻ ነፋስ ደጁ ተቀምጧል፣ በዝምታ ያየናል፣ አፉን በእጁ ይዟል። «ድንጋይ አለ» እለዋለሁ ድንጋይ በሌለበት፤ እግሩን እንደ ሰጎን ያነሳል። «ጎንበስ በል፣ ገመድ ነው» እለዋለሁ፤ ሆዱን ይዞ ጎንበስ ይላል። ደጃችን ስንደርስ ግን ሳቄ አመለጠኝ። እጁ እጄ ውስጥ ደረቀ።

«አንቺ ነሽ?» አለ።

«እኔ ነኝ አያ ካቦ። መድረኩ ከፍ ይላል፣ እሱ እውነት ነው።»

አላመነኝም። ተደናቀፈ።

ገብቼ ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ተቀመጥኩ። አባቴ ፊት አስቀመጡት። ላቡን በቆቡ እየጠረገ፣ «ልጅቷ ዓይኗ ጤነኛ ነው፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ» አለ፣ በጥርሱ መሃል።

«አልሰማሁም» አልኩ ከመጋረጃው ኋላ።

ሽማግሌዎቹ ደነገጡ፤ ሙሽራ ትናገራለች እንዴ? አባቴ ግን ሳቁን ለመደበቅ ጢሙን ያዘ። ካቦው ደገመው።

«ጮክ በል፣ ደጅ ያሉትም አልሰሙም።»

ደገመው። ድምፁ እስኪሰነጠቅ አስደገምኩት። ከዚያ ሻይ ይውጣላቸው አልኩ። ለሁሉም እንደ ድሬ ልማድ ማንኪያ እስኪቆም ድረስ ስኳር ጨመርኩ። ለእሱ የቀዳሁት መራራውን ነው። ተቀብሎ ፉት አለ፣ ፊቱ ተኮማተረ፣ ብርጭቆውንም የሚያስቀምጥበትን ስላላየ፣ ሽማግሌዎቹ ምርቃቱን እስኪጨርሱ ድረስ በእጁ ይዞ ጠጣው።